አንድ ጓሮ ለአራት ቤት፤ የጋራ አትክልት ቦታ ለመጀመር ለሚያስቡ ጎረቤታሞች

በከተሞቻችን በአንድ አጥር ውስጥ ሦስትና አራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ተጠጋግተው የሚኖሩባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ከቤቱ ጀርባ ወይም ከአጥሩ ሥር ማንም «የኔ ነው» የማይለው፣ ማንም ደግሞ የማይሠራበት አንድ ቁራጭ መሬት አይታጣም። የተሰበረ ወንበርና የዛገ ቆርቆሮ የሚጣልበት፣ በክረምት ሣማ የሚወርሰው ይኸው ቦታ ነው። ከዚህ ቦታ አሥር ርምጃ ርቃ የምትኖረው የቤት እመቤት ግን ጾም በገባ ቁጥር ለአንድ እስር ጎመንና ለጥቂት ካሮት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ገበያ ትወርዳለች፤ ዋጋው ከፍ ብሎ ስታገኘውም ገንዘቧን ቆጥራ በግማሽ ዘንቢል ትመለሳለች። መሬቱ ከደጅ፣ ፍላጎቱ ከቤት ሳለ ሁለቱን የሚያገናኝ እጅ መታጣቱ የሚያሳዝን ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ቁራጭ መሬት በአንድነት ወደ አትክልት ቦታ ለመለወጥ ለሚያስቡ፣ ነገር ግን ዶማ ጨብጠው ለማያውቁ ጎረቤታሞች መንገዱን ማመልከት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የጋራ ጓሮ የሚጠፋው ባብዛኛው በመሬት ክፋት ወይም በትል ብዛት አይደለም። የሚጠፋው «ማን ያጠጣል? ማንስ ይቆርጣል?» የሚለው ጥያቄ ዘር ከመዘራቱ በፊት ሳይወሰን ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ስለ አፈርና ስለ ዘር ከምንናገረው እኩል ስለ ሰው መናገር ይገባናል።

ጾሙና ጓሮው

የኦርቶዶክሳውያን ማእድ ከዓመቱ ቀኖች ብዙውን ከሥጋና ከወተት ተለይቶ እንደሚያልፍ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ይጾማል፤ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእንዲህ ያለ ቤት አትክልት የገበታ ማሳመሪያ ሳይሆን የምግቡ ዋና ክፍል ነው።

ሽሮና ምስር ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገውን ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይበቁም። ጎመንና ቆስጣ፣ ቅጠላቸው የጠቆረ አረንጓዴ በመሆኑ፣ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገርና ልዩ ልዩ ቪታሚኖች ያስገኛሉ። ሰውነታችን ለዓይን ብርሃን የሚረዳውን ቪታሚን ኤ የሚሠራበትን ነገር ደግሞ ከካሮትና ከእነዚሁ ቅጠሎች እናገኛለን። በቅጠልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም የማይገባ ስለ ሆነ ከምግቡ ጋር ጥቂት ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ መጨመር ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታልና ከማእድ በኋላ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

በገዳማት ታሪክም ጾምና ጓሮ አብረው የኖሩ ናቸው። በግብጽ በረሓ የኖሩትና እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ያረፉት አባ እንጦንስ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ታሪካቸው እንደ ተገለጠው፣ እንጀራ ተሸክመው ለሚመጡላቸው ወንድሞች ሸክም መሆንን ስላልወደዱ መቆፈሪያና ዘር አስመጥተው ጥቂት መሬት አለሙ። ከዚያም ሊጠይቃቸው በበረሓ ደክሞ የሚመጣ እንግዳ የሚቀምሰው እንዲያገኝ አትክልት ጨመሩበት። ጓሮ ሁለት ጥቅም እንዳለው ከዚህ እንረዳለን፤ አንዱ ለሌላው ሸክም አለመሆን ነው፤ ሁለተኛው ለሌላው መትረፍ ነው።

ቃል ከዘር ይቀድማል

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ቤተ ሰቦች የሠሩት ሥራ ለነገራችን ጥሩ አስረጂ ነው። እነዚህ ጎረቤታሞች በመጀመሪያው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው፣ ቡና አስፈልተው፣ መሬቱን በአንድ ቀን ቆፍረው ጨረሱት። ጎመንና ቆስጣም በአንድ ሰፊ መደብ ላይ ተከሉ። የዚያን ዕለት ደስታ ስለ ነበረ ማንም ስለ ነገው አልተናገረም።

ጥር በገባ ጊዜ የሚያጠጣው ሰው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሷም ከውኃው ቧንቧ አጠገብ የምትኖረው እናት ነበረች። አንደኛው ጎረቤት በማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው ሌላው ያጠጣል ብሎ አሰበ፤ አራተኛይቱ ጀሪካን ማንሣት የማይችሉ አሮጊት ናቸው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከነዚህ ቤቶች በአንደኛው ኀዘን ደረሰና ለለቅሶ የመጣውን ሰው ለማብላት የመደቡ እኩሌታ በአንድ ቀን ተቆረጠ። የቆረጠችው ሴት «የጋራ ነው፤ የቸገረው ይወስዳል» ብላ ነው። ያጠጣችው ደግሞ «የጋራ ከሆነ ውኃውስ ለምን የኔ ብቻ ሆነ?» አለች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ክፉ ሰውም አልነበረባቸውም። የሆነው ሆኖ በሁለቱ ቤት መካከል ቡና መጠራራት ቀረ፤ መደቡም ሚያዝያ ሳያልፍ ደረቀ።

በተከታዩ ዓመት የዕድሩ ጸሓፊ የሆኑት የግቢው ሽማግሌ አንድ ደብተር ይዘው መጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፤ «ልጆቼ፣ ዕድራችን ይህን ያህል ዘመን የኖረው እኛ የማንጣላ ሰዎች ስለ ሆንን ነው ወይስ መዝገብ ስላለው?» ያጠጣችው እናትም «አባባ፣ መዝገብ ስላለው ነው እንጂ እኛማ በአንድ ጀሪካን ውኃ ተኳርፈናል» ብላ ሳቀች። ያን ዕለት ማታ ጥቂት ቃል ተጽፎ ተፈረመ፤ ጓሮውም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

አገራችን በኅብረት የመሥራትን ልማድ ከማንም የምትበደር አይደለችም። በደቦ ብዙ ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ ያነሣለታል፤ ባለ ሥራውም ያበላል፣ ያጠጣል። በወንፈል ዛሬ ለኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እመልሳለሁ ይባላል። በዕቁብ ገንዘቡ በዕጣና በተራ ይዞራል። እነዚህ ሁሉ የቆሙት በፍቅር ብቻ ሳይሆን በተራና በቁጥርም ነው። ለመቆፈር ደቦ ይበቃል፤ መቆፈር የአንድ ቀን ሥራ ነውና። ለማጠጣት ግን ወንፈል ያስፈልጋል፤ ማጠጣት የየቀኑ ሥራ ነውና። ብዙዎች የሚሳሳቱት በደቦ መንፈስ ጀምረው በደቦ መንፈስ እንዘልቃለን ብለው ስለሚያስቡ ነው።

በደብተሩ ውስጥ የሚገቡት ነጥቦች ከአምስት መብለጥ የለባቸውም።

1ኛ፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ይታወቅ። ግቢው የኪራይ ከሆነ የባለ ቤቱ ወይም ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዛፍም አይተከል፤ በጥቂት ወራት የሚነሣ አትክልት ብቻ ይዘራ። የናቡቴን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ነጥብ አያቃልለውም፤ ንጉሡ አክዓብ በቤቱ አጠገብ ያለውን ርስት የተመኘው ለአትክልት ቦታ ነበርና።

2ኛ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መደብ ይኑረው፤ መደቡም በዕጣ ይታደል። ለአራት ቤት አምስት መደብ ይዘጋጅ፤ አምስተኛው የሁሉም ይሁን።

3ኛ፤ ውኃ የሚያጠጣ ሰው በየቀኑ ተራ ይውጣለት። ተራውን ያለ ምክንያት ያሳለፈ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ያጠጣ። ቅጣቱ በገንዘብ አይሁን፤ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይቀራል፤ የሌለው ደግሞ ያፍራልና።

4ኛ፤ ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይሥራ፤ ሥራውም ይቆጠርለት። ከላይ የጠቀስናቸው አሮጊት ከደጃፋቸው ተቀምጠው ዶሮ ያባርራሉ፤ ችግኙን ከፀሐይ ይከልላሉ። ይህ ጀሪካን ከመሸከም አያንስም። ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባው ሠራተኛ ደግሞ በእሑድ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ያድሳል፤ ብስባሹን ይገለብጣል።

5ኛ፤ ደብተሩን የሚጽፍ አንድ ሰው ይመረጥ፤ በተማሪ ልጅ ቢያዝ ይመረጣል። የተዘራበት ቀን፣ የበቀለበት ቀን፣ የተቆረጠው እስር ብዛት ይመዝገብ። ልጁ በዚሁ ሒሳብ ይማራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ግቢው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይዘራል።

ቦታውንና አፈሩን ስለ መምረጥ

ለአትክልት የመጀመሪያው ነገር ፀሐይ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ካሮትና ቲማቲም አያፈራም፤ ቆስጣና ሰላጣ ግን ጥቂት ጥላ ይችላሉ። ቦታውን ለመምረጥ በአንድ የዕረፍት ቀን ጧት፣ ቀትርና ማታ እየወጡ የቤቱንና የአጥሩን ጥላ በዕንጨት መትከያ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከባሕር ዛፍ አጠገብ መራቅ ያስፈልጋል፤ ሥሩ ሩቅ ስለሚዘረጋ ለአትክልቱ የተጠጣውን ውኃ እርሱ ይወስደዋል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ፣ የመኪና ዘይት ወይም ያረጀ ባትሪ ሲደፋበት ከኖረ ቦታም መራቅ ይገባል፤ በአፈር ውስጥ የቀረ እርሳስ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወጣም።

የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይሁን። ከዚህ ከበለጠ ሰው መካከሉን ለማረም ሲል በላዩ ላይ ይቆማል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ አየርና ውኃ አያስገባም። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ በመደብና በመደብ መካከል ያለው መተላለፊያ ግማሽ ሜትር ቢሆን አምስቱ መደቦች 7 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ይገባሉ። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው። ቦታው ከዚህ ቢሰፋ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት አለመጨመር ይሻላል፤ ብዙ ቆፍሮ ለአረም ከመተው ጥቂት ቆፍሮ መብላት ይበልጣልና።

በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ መደቡን ከመሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርግ፤ ይህ ካልሆነ በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ይበሰብሳል። ቀይ አፈር ውኃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ ሲታረስ ፍሬ ነገሩ ይደክማል። ለሁለቱም መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ይኸውም በሚገባ የተብላላ ፍግና ብስባሽ ነው።

ብስባሽ ለመሥራት ግቢው የሚጥለው ነገር ይበቃል። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ሣርና የረገፈ ቅጠል በጥላ ሥር 1 ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ይከመር፤ አንድ ረድፍ እርጥብ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ሆኖ ይነባበር፤ ጥቂት አፈርና ፍግም በመካከሉ ይጣል። ርጥበቱ በእጅ ተጨምቆ እንደ ተለቀቀ ጨርቅ ይሁን። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ቢገለበጥ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጠቁሮ፣ ፈርሶ፣ የዝናብ መሬት ሽታ ይሸታል፤ ያን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ሥጋና አጥንት አይግቡበት፤ ውሻና አይጥ ይጠራሉና። ትኩስ ፍግም በቀጥታ በመደቡ ላይ አይጣል፤ ሥር ያቃጥላል፤ ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይም በሽታ ያመጣል።

የውኃው ሒሳብ

በጋራ ቆጣሪ ለሚጠቀም ግቢ ከጎመን በፊት ጠብ የሚያበቅለው ውኃ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። አራት ካሬ ሜትር የሆነ አንድ መደብ እንግዲህ 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ይጠጣል። አምስቱ መደቦች በቀን 100 ሊትር፣ በ30 ቀን 3,000 ሊትር ይሆናሉ። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ስለ ሆነና አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለ ሆነ የጓሮው ድርሻ በወር 3 ሜትር ኩብ ነው። ይህ በደብተር ተጽፎ ለአራት ሲከፈል የማንም ልብ አይጠረጥርም።

ወጪውን የሚቀንሱ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ማጠጣት ነው፤ በቀትር የተጠጣ ውኃ ከፊሉ በፀሐይ ይነጥቃል። ሁለተኛው ከተክሉ ሥር ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ነው፤ አፈሩ ርጥበቱን ይይዛል፤ አረሙም ይታፈናል። ሦስተኛው የጣራ ውኃ መሰብሰብ ነው። 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ እስከ 400 ሊትር ይወርዳል፤ ይኸውም ሁለት በርሜል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ስለሚያጥብ ይለፍ፤ በርሜሉም ለልጆች አደጋና ለወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ክዳን ይኑረው። ጎመንና ምስር የታጠበበት ውኃ ለጓሮ ይሆናል፤ በረኪና ያለበት የልብስ ውኃ ግን አይሆንም።

ከከተማ የሚወጣ የተበከለ የወንዝ ውኃም አይጠጣ። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ጎጂ ብረታ ብረቶች መገኘታቸውን በየጊዜው የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። የራስ ጓሮ ትልቁ ጥቅም ምን ውኃ ጠጥቶ እንዳደገ የሚታወቅ ቅጠል መብላት ነው።

ምን እንዝራ? መቼስ እንዝራ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷም ብርድ ነው። ለእንዲህ ያለ ደጋ የሚስማሙት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። ቲማቲም ቆላና ወይና ደጋ ይወዳል፤ በደጋ ክረምት ምች ያጠቃዋልና ጀማሪ ለሁለተኛው ዓመት ቢያቆየው ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስትና ከአራት ዓይነት በላይ አይዘራ።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። ለዚያ ጊዜ ቅጠል የሚፈልግ ግቢ በጥቅምት መሬቱን ቆፍሮ ፍግ ይስጥ፤ በኅዳር ጎመንና ቆስጣን በትንሽ የችግኝ መደብ ላይ ይዝራ፤ ችግኙ አራትና አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለት ከአንድ ወር በኋላ በታኅሣሥ፣ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ያዛውር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት ስፍራ ችግኙ ሌሊት በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈን። በጎመን ችግኞች መካከል 40፣ በቆስጣ 30፣ በሰላጣ 25 ሳንቲ ሜትር ይተው። ጀማሪ ሁሉ ይህ ርቀት ይበዛበታል፤ አጠጋግቶ ሲተክል ግን ብዙ አገዳና ጥቂት ቅጠል ያገኛል።

ካሮት ከነዚህ ይለያል፤ አይዛወርም፤ ቢዛወር ሥሩ ይጣመማል። ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በመስመር ይዘራ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ይልበስ፤ እስኪበቅል ድረስ መደቡ አይድረቅ። ከ10 እስከ 20 ቀን ሊቆይ ይችላልና «ዘሩ ሞቷል» ብሎ መቆፈር አይገባም። ሲበቅል በሁለቱ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይሳሳ። ብዙ ሰው መንቀሉን ይጨክንበታል፤ ያልተሳሳ ካሮት ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል። የቀይ ሥርና የቆስጣ ዘርም አንዱ ቅንጣት ሁለትና ሦስት ቡቃያ ስለሚያወጣ ከሁሉ ብርቱው ብቻ ይተው። ካሮት በሦስትና በአራት ወር ለምግብ ይደርሳል፤ ሰላጣና ቆስጣ ከተዘሩ ሁለት ወር ግድም ጀምረው ይቆረጣሉ።

ዘር ሲገዛ በመጠቅለያው ላይ ያለው ቀን ይታይ። ካጠራጠረ 10 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅሎ አንድ ሳምንት ማቆየት ነው፤ ለካሮት ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። ስምንትና ዘጠኝ ከበቀለ መልካም ነው፤ አምስት ከሆነ እጥፍ ይዘራ፤ ሁለት ከሆነ ለሻጩ ይመለስ። ይህን ፈተና የግቢው ልጆች እንዲያደርጉት መተው ነው፤ በክፍል ከሚነገራቸው ይልቅ በጣታቸው የቈጠሩትን አይረሱትም።

በሚቀጥለው ዘመን ጎመን በነበረበት መደብ ካሮት ወይም ፎሶሊያ ይግባ፤ አንድ ዓይነት ተክል በአንድ ቦታ ሲደጋገም ትሉም በሽታውም ቤት ይሠራልና። መደቦቹ በየዓመቱ እንደገና በዕጣ ቢታደሉ ይህም አብሮ ይፈጸማል፤ መልካሙ ቦታም ለአንድ ቤት ብቻ አይቀርም።

ስለ ጓሮ ጠላቶች

ማታ ቆሞ የነበረ ችግኝ ጧት ከአፈሩ ላይ ተቆርጦ ቢገኝ ሥራው የቆራጭ ትል ነው። ትሉ ሩቅ አልሄደም፤ ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ቢቆፈር ተጠቅልሎ ይገኛል። በችግኙ አንገት ዙሪያ ከወረቀት ቀለበት ማድረግም ያግደዋል። ከጎመን ቅጠል ሥር የሚሰፍረው ክሽክሽ ገና ጥቂት ሳለ በእጅና በውኃ ይጠረጋል፤ ከበዛ ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ይታጠባል። ቀንድ አውጣን በማለዳ መልቀም ነው። ዶሮና በግ ግን በአጥር እንጂ በሌላ አይከለከሉም።

በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየተቀነሰ፣ ስሙና መጠኑ ሳይጻፍበት የሚሸጥ የተባይ መድኃኒት ወደ ግቢ አይግባ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል፤ ከተረጨም በኋላ ስንት ቀን ተቆይቶ ቅጠሉ እንደሚበላ የሚያስታውቅ ጽሑፍ የለውም። ለሃያ ካሬ ሜትር ጓሮ የልጆች ዓይንና የእናቶች ጣት ይበቃል።

ስለ መቁረጥና ስለ መካፈል

ጎመንና ቆስጣ ከሥር አይነቀሉም፤ ከውጭ በኩል ያሉት የበሰሉት ቅጠሎች ተቆርጠው የመካከሉ ልብ ይተዋል። እንዲህ ከተደረገ አንዱ ተክል ለብዙ ሳምንታት ሳይቋረጥ ይሰጣል። የመቁረጫ ቀንም ይወሰን። ያ የእንጦጦ ግርጌ ግቢ ማክሰኞና ሐሙስ ማታን መርጧል፤ የረቡዕና የዓርብ ዋዜማ ናቸውና። በዚያ ሰዓት አራቱም ቤቶች በአንድነት ይወጣሉ፤ ሁሉም የራሱን መደብ ይቆርጣል፤ ጎመን የተረፈው ካሮት ከተረፈው ጋር ይለዋወጣል። ማንም ማንን አይጠባበቅም፤ አይጠረጥርምም።

አምስተኛው መደብ ያን የመጀመሪያውን ዓመት ጠብ የፈታ ነው። ከእርሱ ማንም ለራሱ አይቆርጥም። ለቅሶ የደረሰበት ቤት፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት፣ የማኅበር ተራ የደረሰው ሰው፣ ጓሮ የሌለው የጎረቤት ችግረኛ ከዚያ ይወስዳል። ለዚህ ደግሞ ለማንም ምክንያት መስጠት የለበትም፤ ለደብተር ያዡ ልጅ መንገር ብቻ ይበቃዋል። በዚህ መንገድ ያጠጣችው እናት ድካሟ ተከበረላት፤ ኀዘን የደረሰባትም ሴት ችግሯ ተከበረላት። ባለፈው ዓመት እያንዳንዳቸው እውነት ይዘው የተጣሉበት ነገር ሁለት ልዩ ልዩ መሬት ስለ ተሰጠው ሁለቱም እውነት ጸና።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ ቤተ ሰቦችም ከዚህ ወጥተው አይታዩም። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ባዶ መሬት የነዋሪዎች ማኅበር ፈቃድ ከተገኘበት ሥርዓቱ ይኸው ነው። መሬት ባይኖር እንኳ አፈርና ብስባሽ በተሞላ ጆንያ፣ ከሥሩ በተበሳ አሮጌ ጀሪካን ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ካነበብህ በኋላ ዶማ ለመግዛት አትቸኩል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎረቤቶችህን ለቡና ጥራቸው፤ አንድ የተማሪ ደብተርና እርሳስም በመካከል አስቀምጥ። አምስቱን ነጥቦች አንብባችሁ ተስማሙ፤ ፈርሙበት፤ ዕጣም ጣሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ድንጋዩንና ቆርቆሮውን አንሡ፤ ብስባሹን ከምሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቆፍሩ። ዘሩ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ እርሱ ቀላሉ ሥራ ነውና።